በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ አፈርኩ፦ ውጭ አገር ጉርሻ የሚሰጠው እንዴት ነው?

ሻንጣዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ነው ከጉዞ የተመለስኩት። ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ የምጽፍላችሁ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ ቶኪዮ ነበርኩ። ስድስት ወንበር ብቻ ያላት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። የሚሠሩባት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ያበስላል፣ እሷ ታስተናግዳለች። አቀባበላቸው ልቤን ነካው። ሂሳቤን ከፈልኩና 1,000 የን ሰሃኑ ስር አስቀምጬ ወጣሁ። መንገድ ልሻገር ስል ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ሴትየዋ ናት። ሽርጧን እንደታጠቀች ገንዘቡን በሁለት እጇ ይዛ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። የረሳሁት መስሏታል። በምልክት "ለእናንተ ነው" አልኳት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እንደገና ዘረጋችልኝ። ሦስት ጊዜ ተገፋፋን። በመጨረሻ ስቀበላት ፊቷ ፈታ አለ። እኔ ግን ያስቀየምኳት መስሎኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በሳምንቱ ኒው ዮርክ ገባሁ። ከቶኪዮው ተምሬያለሁ ብዬ በሂሳቡ ልክ ከፍዬ ተነሳሁ። አስተናጋጁ ወጣት ልጅ ነው። በሩ ላይ ደረሰብኝና ቀስ ብሎ "ያጠፋሁት ነገር አለ?" አለኝ። አልተቆጣም። የምሩን ነው የጠየቀኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ስንት ፐርሰንት እንደሚሰጥ በየአገሩ የሚዘረዝር ጽሑፍ ሞልቷል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። አንድ መንገደኛ የማያውቀው አገር ሲገባ ማንንም ሳይጎዳ፣ ማንንም ሳያሳፍር ለመውጣት በምን ይወቅ? የኖራችሁበት፣ የሠራችሁበት እስቲ ንገሩኝ።

የማታ_ፈረቃ፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። እኔ ቴክሳስ አራት ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ያ ልጅ የጠየቀሽን ጥያቄ እኔም ስንት ቀን በሆዴ ጠይቄዋለሁ።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ የሚያገኝ ሠራተኛ ከቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ቢከፈለው ሕጋዊ ነው። ቁጥሩ ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ንቅንቅ አላለም። መደበኛው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ 7.25 ዶላር ነው፤ እሱም ከ2009 ጀምሮ እዚያው ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለውን የሚሞላው እንግዳው ነው። ጉርሻው ካልሞላው ቀጣሪው ይሙላ ይላል ሕጉ፤ ግን 7.25 ላይ መድረስ ማለት ኪራይ መክፈል መቻል ማለት አይደለም። ቴክሳስ የሚሠራው በዚሁ በ2.13 ነው። ኒው ዮርክ ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን አስተናጋጅ ከባለቤቱ የሚያገኘው ከመደበኛው በታች ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳ፣ ዋሽንግተን፣ ኦሬጎን፣ ሞንታና፣ ሚኒሶታና አላስካ ጉርሻው ሳይቆጠር ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያስከፍላሉ። ቲፕ ግን እዚያም ይጠበቃል።

ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ጉርሻው የእኔ ብቻ አልነበረም። ማታ ቤቱ ሲዘጋ ለባርማኑና ሰሃን ለሚያነሳው ልጅ አካፍላለሁ። እኔ የሠራሁበት ቤት የሚያስከፍለኝ ደግሞ ባገኘሁት ጉርሻ ልክ ሳይሆን በሸጥኩት ልክ ነበር፤ ከመቶ አራት። አንድ ምሽት የ340 ዶላር ጠረጴዛ ነበረኝ። አምስት ሰዎች፣ ከሌላ አገር የመጡ፣ በጣም ጨዋዎች። ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ሲሄዱ አቅፈውኝ ነው የተሰናበቱኝ። ደረሰኙን ስገልጥ የቲፑ መስመር ባዶ ነው። የዚያን ማታ 13 ዶላር ከ60 ከሌላ ጠረጴዛ ካገኘሁት ላይ አንስቼ ለሁለቱ ከፈልኩ። ሰዎቹን አልተቀየምኩም። አያውቁም ነበር።

ስለዚህ የአከፋፈሉን ነገር ልብ በዪ። ካርድሽን ወስዶ ሲመልስ ሁለት ወረቀት ይዞ ይመጣል። አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የቤቱ። በቤቱ ወረቀት ላይ ቲፕ የሚል መስመር፣ ከስሩ ድምር የሚል መስመር አለ። ሁለቱንም ሞልተሽ፣ ፈርመሽ ትተሽው ትሄጃለሽ። የሞላሽውን ይዘሽ ባዶውን ከተውሽ ልጁ ምንም አያገኝም፤ ይህን የሚሳሳት ብዙ ነው። የተለመደው ከ18 እስከ 20 ፐርሰንት ነው። ታክሱ ሳይደመር ባለው ዋጋ ብታሰይው ነውር የለውም። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከገባችሁ ግን ሂሳቡን መጀመሪያ አንብቡት። ብዙ ቤት ራሱ ደምሮት ይመጣል።

ቀጥታ_ልናገር፦

ወንድሜ፣ ታሪክህ አሳዝኖኛል፤ ግን አልስማማም። ሠራተኛውን የቀጠረው ባለቤቱ ነው። ምግቡን የሸጠልኝም እሱ ነው። ደመወዝ መክፈል እንዴት የኔ ሥራ ሆነ? እኛ ዝም ብለን በከፈልን ቁጥር እሱ ደመወዝ የሚጨምርበት ምክንያት ያጣል። ያ 2.13 ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተነካው እኮ እንግዳው ስለሚሞላው ነው።

አሁን ደግሞ ብሶበታል። ባለፈው አሜሪካ አንድ ሱቅ ገብቼ ከማቀዝቀዣው የታሸገ ውሃ ራሴ አንስቼ መክፈያው ጋ ደረስኩ። ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፦ 18፣ 20፣ 25። ከኋላዬ አራት ሰው ቆሟል። ሁሉም ጣቴን ያያል። 20ውን ነካሁት። ወድጄ ሳይሆን ተሸማቅቄ። በመሸማቀቅ የተሰጠ ገንዘብ ምስጋና ነው ወይ?

የማታ_ፈረቃ፦

@ቀጥታ_ልናገር በስክሪኑ ጉዳይ አብሬህ ነኝ። ባንኮኒ ላይ ለተሸጠ ውሃ "የለም" የሚለውን ንካ፤ ልጅቷም አትቀየምህም፣ ስክሪኑን እንዲህ ያዘጋጀችው እሷ አይደለችም።

ጠረጴዛ ላይ ግን ቆም በል። ባለቤቱን ልቅጣ ብለህ ቲፕ ስትከለክል ባለቤቱ ምን አጣ? የምግቡን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል። ባዶ እጁን የቀረው ልጁ ነው። ሥርዓቱ እንዲለወጥ ከፈለግህ ዋጋው ውስጥ አገልግሎቱን ያካተቱ ቤቶች አሉ፣ እነሱን ፈልገህ ብላ። ተቀምጠህ ከተስተናገድክ በኋላ ግን ክርክሩን በልጁ ኪስ አትከራከር።

ዘመን_ፈላጊ፦

ክርክራችሁ አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥተዋል። ዋሽንግተን ግዛት በ1909 እ.ኤ.አ. ጉርሻ ከለከለች። ሌሎች አምስት ግዛቶችም ተከተሏት። እስከ 1926 ድረስ ግን ሁሉም ተሽረው አለቁ።

ልማዱ ወደ አሜሪካ የገባው ከአውሮፓ ነው፤ የተስፋፋውም ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ። ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት ልብ የሚያቆስል ነው። ፑልማን የተባለው የባቡር ኩባንያ የመኝታ ፉርጎዎቹን ለማስተናገድ ከባርነት የወጡ ጥቁር ወንዶችን በብዛት ቀጠረ። የሚከፍላቸው እጅግ ትንሽ ነበር። ቀሪውን ከተሳፋሪው ኪስ እንዲለቅሙ ነው የተተዋቸው። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ጫማ ይወለውላሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ፈገግታም የሥራው ክፍል ነበር። እነዚህ ሰዎች ናቸው በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የሠራተኛ ማኅበር ያቋቋሙት። ከኩባንያው ጋር ውል እስኪፈራረሙ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ከጠየቁት አንዱ በጉርሻ ላይ ያልተንጠለጠለ ደመወዝ ነው።

@ቀጥታ_ልናገር የአንተን ሐሳብ የሚደግፍ ታሪክ ነው። ግን ለውጡን ያመጡት ሠራተኞቹ ተደራጅተው ነው፤ ተሳፋሪው ጉርሻ ስለከለከለ አይደለም።

ሰሜን_ነፋስ፦

ስለ ጃፓን ልጻፍ፤ ኦሳካ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ሻንጣዬ፣ ሴትየዋን አላስቀየምሻትም። እንግዳ ገንዘቡን ረስቶ ሄደ ማለት ለእሷ ኃላፊነት ነው። ደርሳ ባትመልስልሽ ነበር የምትጨነቀው። ፊቷ የፈታውም ለዚያ ነው።

እዚያ ጥሩ መስተንግዶ ዋጋው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ስትሰጫት "የተከፈለኝ ስላልበቃኝ ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ ታስነሺባታለሽ። ታክሲም፣ ፀጉር ቤትም፣ ምግብ ቤትም እንዲሁ። ትልልቅ ሆቴሎች ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት የአገልግሎት ክፍያ ራሳቸው ይደምራሉ፣ በዚያ ያበቃል። መጠጥ ቤቶች ውስጥ ሳታዢው የሚመጣ ትንሽ ሳህን ምግብ አለ፤ ኦቶሺ ይባላል፤ ሂሳቡ ላይ ይገባል። እንደ መቀመጫ ክፍያ ቁጠሪው እንጂ ተጭበረበርኩ አትበይ።

አንድ ልዩ ቦታ አለ፦ ሪዮካን የሚባሉት ባህላዊ ማረፊያዎች። እዚያ ኮኮሮዙኬ የሚባል ስጦታ አንዳንዴ ይሰጣል። አዲስ ኖት በፖስታ ታደርጊና ገና ስትገቢ፣ ክፍልሽን ለምታስተናግድሽ ሴት በሁለት እጅ ትሰጫታለሽ። ግዴታ አይደለም። እርቃኑን የወጣ ገንዘብ ግን ነውር ነው። ሱቅ ውስጥ እንኳ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ አይሄድም፤ ባንኮኒው ላይ ትንሽ ትሪ አለች፣ እሷ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ለዚያች ሴት ምን ትስጫት ካልሽኝ ስትወጪ "ጎቺሶሳማ ደሺታ" በያት። ስለ ማዕዱ ምስጋና ነው። ባልየውም ከምድጃው ቀና ብሎ ይመልስልሽ ነበር።

ሦስት_ቋንቋ፦

አውሮፓን አንድ አገር አድርጎ ማሰብ ያሳስታል። በፈረንሳይኛ የጉርሻው ስም "ለመጠጫ" ማለት ነው፤ በጀርመንኛም "የመጠጫ ገንዘብ"። አሰጣጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ፈረንሳይ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምናሌው ላይ የሚጻፈው ዋጋ አገልግሎቱንም ማካተት አለበት። ስለዚህ አስተናጋጁ ያንቺን ሳንቲም አይጠብቅም። ደስ ካለሽ አንድ ሁለት ዩሮ ትተሽ ብትሄጂ ምስጋና ነው። ቱሪስት የሚበዛባቸው ሰፈሮች አንዳንዱ አስተናጋጅ "አገልግሎት አልተካተተም" ይላል። ትክክል አይደለም፤ በትህትና ሂሳቡን አሳዪው።

ጀርመን ደግሞ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ አልተለመደም። አስተናጋጇ አጠገብሽ ቆማ ነው የምትቀበልሽ። ሂሳቡ 27.50 ከሆነ ሠላሳውን እየሰጠሻት "ሠላሳ" ትያታለሽ፣ አለቀ። መልሱን እንድትይዘው ከፈለግሽ "ሽቲምት ዞ" በቂ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሃምሳ ዩሮ ሰጥቼ "ዳንከ" አልኩ። አመሰገንኩ ብዬ ነው። እሷ ግን "መልሱን ያዢው" ያልኳት መስሏት ሄደች። ሂሳቡ 31 ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ነገርኳት፣ ወዲያው መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ መልሴን እስክቀበል አመሰግናለሁ አልልም።

ጣሊያን ኮፔርቶ የሚባል ሂሳብ ላይ ታያላችሁ፣ በሰው ይቆጠራል። የመቀመጫና የዳቦ ነው፣ ለአስተናጋጁ የሚሄድ ጉርሻ አይደለም። ለንደን ብዙ ምግብ ቤት 12.5 ፐርሰንት "እንደ ፈቃድዎ" ብሎ ደምሮ ያመጣል። ይነሳልኝ ማለት መብት ነው። ነገር ግን ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የብሪታንያ ሕግ ቀጣሪው ከጉርሻውና ከአገልግሎት ክፍያው ሳይቀንስ ለሠራተኞቹ እንዲያካፍል ያስገድዳል። ስለዚህ እኔ አላስነሳም።

ቀጥታ_ልናገር፦

ይህን የለንደኑን አላውቅም ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ዋናው ነገር ገንዘቡ የት እንደሚገባ አለማወቅ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ለሠራተኛው የሚደርስ ከሆነ ክርክሬ ግማሹ ይቀራል።

ብዙ_አየር_ማረፊያ፦

በአጭሩ ልጨምር። ሲንጋፖር ምናሌው ላይ ከዋጋው ቀጥሎ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 ፐርሰንት የአገልግሎት ክፍያና 9 ፐርሰንት ታክስ ይጨመራል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማንም አይጠብቅም። ብራዚል 10 ፐርሰንት ሂሳቡ ላይ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ይከፍለዋል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ህንድ ውስጥ የሸማቾች ባለሥልጣኑ በ2022 ባወጣው መመሪያ ምግብ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ በራሳቸው እንዳይደምሩ ከልክሏል። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ባትሰጡም ማንም ቅር አይለውም።

አልጋ_አንጣፊ፦

አስተናጋጅን ሁሉም ያስታውሳል፤ ፊቱን ያያሉና። እኛን ማንም አያየንም።

አሜሪካ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። በቀን አሥራ አምስት ክፍል፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። እንግዳው የሚያውቀን አልጋው ተነጥፎ ሲያገኝ ብቻ ነው። ጉርሻ የሚተው ሰው ትንሽ ነው፤ የሚተወውም አብዛኛው በመጨረሻው ቀን ነው። ይህ እንዴት እንደሚያሳስት ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ አምስት ሌሊት አደረ። አራቱን ቀን እኔ ነኝ ያጸዳሁት። ልጆቻቸው ትንንሽ ናቸው፣ ምንጣፉ ላይ የተደፋውን ሁሉ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው ያነሳሁት። በአምስተኛው ቀን ዕረፍት ወጣሁ። ትተውት የሄዱት 20 ዶላር ያን ዕለት ለገባችው ልጅ ደረሰ። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ስለዚህ በየቀኑ ተዉ። ከሁለት እስከ አምስት ዶላር የተለመደ ነው።

ደግሞ ወረቀት ጻፉበት። "ክፍላችንን ለምታጸጂልን፣ እናመሰግናለን" ይበቃል። ጽሑፍ ከሌለው የተረሳ ገንዘብ ሊሆን ይችላል ብለን አንነካውም። በቃልም ቢሆን ሌባ መባል ሥራችንን ያሳጣናል።

ሌላው ሳንቲም ነው። እንግዶች ከየአገሩ ይዘው የመጡትን ሳንቲም ሰብስበው ይተዉልናል። በቅንነት ነው። ግን የውጭ ሳንቲም ምንዛሪ ቤት አይቀበለውም። መሳቢያዬ ውስጥ የስንት አገር ሳንቲም አለ። ምንም አልገዛሁበትም።

ሻንጣዬ፦

እህቴ፣ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔም በመጨረሻው ቀን ነበር የምተወው። አስቤው አላውቅም።

ተራራ_ወጪ፦

በመሸከም ለሚሠሩት ደግሞ እኔ ልናገር። ኪሊማንጃሮ ወጥቻለሁ። አንድ ተሸካሚ እንዲይዝ የሚፈቀደው እስከ 20 ኪሎ ነው። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ የእኛን ሻንጣ ይዘው፣ እኛ ጠዋት ሳንነሳ ቀድመውን ይወጣሉ። እኛ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቀናል።

ጉርሻው የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ነው። ዘፈን አለ፣ ምስጋና አለ። ብዙ ቡድን ገንዘቡን በአንድ ላይ አድርጎ ለዋናው መሪ ይሰጣል። መሪያችን ጨዋ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ በሌሎች ቡድኖች ተሸካሚዎቹ ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ እንዳለ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። ስለዚህ እኛ ለመሪ፣ ለረዳት፣ ለአብሳይና ለተሸካሚ ድርሻ ድርሻቸውን በወረቀት ጻፍን፤ በሁሉም ፊት ድምፅ ከፍ አድርገን አነበብን፤ ለእያንዳንዱ በየስሙ ፖስታ ሰጠን። አንደኛው ተሸካሚ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ፖስታውን ሳይከፍት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። መዳፉ እንደ ቅርፊት ነበር። የምትሄዱ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ኩባንያውን ጠይቁ፦ ተሸካሚዎቻችሁ በቀን ስንት ይከፈላቸዋል? በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? መልስ የማይሰጥ ኩባንያ ካለ ሌላ ፈልጉ። ዶላር ከያዛችሁም ያልተቀደደና አዲስ ኖት ይሁን፤ አሮጌውን ባንክ አይቀበላቸውም።

የድሮ_መርከበኛ፦

ልጆቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኳችሁ። ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ስሠራ የስንቱን ወደብ ወግ አየሁ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ከአስጎብኚ መጽሐፍ ይልቅ እዚያው የሚኖር ሰው ይጠየቅ። እኔ ከመርከብ ስወርድ መጀመሪያ የማገኘውን የወደብ ሠራተኛ "እናንተ ራሳችሁ ስትበሉ ስንት ትተዋላችሁ?" እለው ነበር። ቱሪስት ስንት ይሰጣል ብዬ አልጠይቅም። ራሱ የሚያደርገውን ነው የምጠይቀው።

ከሁሉም ብዙ የተማርኩት ግብፅ ነው። እዚያ ባክሺሽ ይባላል፤ ቃሉ ከፋርስ የመጣ ነው፣ መስጠት ማለት ነው። ምግብ ቤት ሂሳቡ ላይ 12 ፐርሰንት የአገልግሎት ክፍያ ይደምራል፤ ከዚያ ላይ ለአስተናጋጁ በእጁ ትንሽ ነገር ይሰጣል። መጸዳጃ ቤት ወረቀት ለሚሰጥ፣ ጫማ ለሚጠብቅ፣ መቃብር ውስጥ መብራት ለሚያሳይ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ልመና ይመስለውና ይቆጣል። አትቆጡ። ብዙዎቹ ኑሯቸው ከዚያ ነው። ያልፈለጋችሁትን አገልግሎት ግን በፈገግታ "ላ ሹክራን"፣ አይ አመሰግናለሁ፣ ብላችሁ ማለፍ ይቻላል።

ችግሩ የልብ ሳይሆን የዝርዝር ነው። ድፍን ኖት ይዛችሁ ከወጣችሁ ወይ አብዝታችሁ ትሰጣላችሁ፣ ወይ ምንም ሳትሰጡ አቀርቅራችሁ ታልፋላችሁ። ሁለቱም ያሳዝናል። ሲሰጥም እንደ ሰላምታ ነው፦ ኖቱ ታጥፎ፣ በቀኝ እጅ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። ከሩቅ አይወረወርም፣ በሰው ፊት አይቆጠርም።

ሻንጣዬ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ።

ሁለት ነገር አደረግኩ። ለዚያ የኒው ዮርኩ ልጅ ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ስሙ ደረሰኙ ላይ ታትሟል። ተረኛዋ በካርዴ ላይ ቲፕ መጨመር አሁን እንደማይቻል ነገረችኝ። ወንድሜ እዚያው ከተማ ያለች ጓደኛ ስላለችው በፖስታ አድርጋ ትወስድለታለች፤ 20 ፐርሰንቱንና ያጠፋኸው ነገር የለም የሚል ወረቀት።

ሁለተኛው፦ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ካይሮ እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ዝርዝሩን ከየት ላግኝ?

የድሮ_መርከበኛ፦

ልጄ፣ ኤቲኤሙ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 200 ፓውንድ ኖት ነው የሚሰጥሽ። ከአየር ማረፊያው ሳትወጪ ባንኩ መስኮት ሄደሽ ባለ 10 እና ባለ 20 ይስጡሽ። በአንድ ኪስ ለብቻው አድርጊው፣ ቦርሳሽን መንገድ ላይ አትክፈቺ። በሰላም ደርሰሽ ተመለሺ።